ሰባት ቤት የተቆጠረለት ኮምፒውተር

ጋሽ ክንፈ ሳይቆጥሩ መካነ ሰላም ላይ ሰርግ አይደገስም። በአገሩ የክርስቲያን ወግ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱም ዘር ወደ ላይ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በመሀል አንድ የጋራ አያት ብቅ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጠላው ተጠምቆ፣ ሰንጋው ተገዝቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ሳለ ጋሽ ክንፈ ስድስተኛው ቤት ላይ አንዲት የጋራ አያት አግኝተው የበተኑት ሰርግ አለ። ሰንጋው ወደ ገበያ ተመለሰ። ጠላውን ግን እንግዳው "እንግዲህ ምን ይደረግ" እያለ ጠጣው። ጋሽ ክንፈ የሰው ዘር አይረሱም፤ የራሳቸውን ጃንጥላ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ሻይ ቤት ጥለውት ይወጣሉ።

ቆጠራውን የወረሱት ከአባታቸው ከአቶ አበጋዝ ነው። አባትየው ሁሉንም በቃላቸው ይዘውት ኖሩ። ጋሽ ክንፈ ግን ሃያ ሰባት ዓመት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸውና "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ብለው የአካባቢውን ዘር በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ጻፉት። ጡረታ ወጥተው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፍቱ ደግሞ መዝገቡን ሁለት ዓመት ሙሉ እየተየቡ ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። የመጨረሻዋን ገጽ በጨረሱ ዕለት ወረቀት ጊዜው አልፎበታል አሉና መዝገቡን ለጎረቤታቸው ለነጋዴው ለአሕመድኑር ሰጡት። አሕመድኑር ነገር የሚያባክን ሰው አይደለም። የወሎው ቦረና ሰው ዘር ማንዘር ቁንዶ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ እየተጠቀለለበት ወደየቤቱ ለመከፋፈል አንድ ዓመት አልፈጀበትም።

እንግዲህ ሰባት ቤቱ ሁሉ ያለው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ወደዚያ ኮምፒውተር ደግሞ የከተማው ፍላሽ ሁሉ ይገባበታል፤ የፍርድ ቤቱ፣ የግብርናው፣ የትምህርት ቤቱ። ሊያሳትም የመጣ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ዊንዶውስ ፈቃድ የሌለው፣ ከእጅ ወደ እጅ የተቀዳ ስለነበር የሚመክትበት አቅም አልነበረውም። በመስከረም ወር አንድ ማለዳ ጋሽ ክንፈ "ዘር" የሚለውን ፎልደር ሲከፍቱት ባዶ ሆኖ አገኙት። ቁጭ ብለው አለቀሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታዬ ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ።

ያዳናቸው ልጃቸው ሉሊት ናት። አንድ ልጃቸው ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህርት ናት። በምሳ ሰዓት መጥታ አንዲት ፍላሽ ሰካችና ኮምፒውተሩን በሌላ ሲስተም አስነሳችው። ሊኑክስ ይባላል፤ ይህ ዓይነቱ ደግሞ ሚንት ነው አለቻቸው። ፎልደሩ ተከፈተ፤ የዘሩ ፋይል ሁሉ አንድ ሳይጎድል ተደርድሮ ታየ። ቫይረሱ ደብቆት እንጂ አላጠፋውም ነበር። ጋሽ ክንፈ ፍላሿን እንደ መስቀል ተሳለሟት።

ሉሊት ነገሩን አስረዳቻቸው። ይህ ሲስተም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ሊጠቀምበት፣ አንጀቱን ከፍቶ ሊያየው፣ ካልጣመውም ሊለውጠው ተፈቅዷል። እነዚያ የፍላሽ ቫይረሶች እዚህ መቆሚያ አያገኙም። ልጫንልህ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ክንፈ እሺ ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ሐሳብ መጣላቸው።

"ሌላ አለ ወይ?" አሉ።

ሉሊት እዚህ ላይ ተሳሳተች፤ እውነቱን ነገረቻቸው። በመቶ የሚቆጠር እንዳለ፣ ሰው ሁሉ ለጠባዩ የሚስማማውን እንደሚመርጥ። ጋሽ ክንፈ ስድሳ አራት ዓመት ሲኖሩ እንዲህ ያለ ነገር የነገራቸው የለም። ታይፕራይተሩን መንግሥት ሰጣቸው። ፈንታዬን አባታቸው ቆጥረው አጩላቸው። ምርጫ ሲባል የሚያውቁት ጣታቸው ላይ ቀለም የሚቀባበትን ቀን ብቻ ነበር። አሁን መቶ ነገር ፊታቸው ተደርድሮ "የወደድከውን" ሲባሉ እንደ ጥጃ ቦረቁ። ሉሊት ቢያንስ መዝገቡን በፍላሽ ልገልብጠው ብትላቸው "የሰው ዘር በኪስ አይዞርም" ብለው ተቆጧት። እሷም ፍላሿን ሳትነቅል ሥራዋን ቀጠለች።

በዚያው ሳምንት አሕመድኑር ሻይ አስመጥቶ ከጋሽ ክንፈ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተቀመጠ። ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ የተጣላ ሲታረቅ ወይም ልጅ ስትጠየቅ በዚህ ሰፈር አሕመድኑር ሳይቀድም ሽማግሌ አይሄድም። ከሰላምታው በኋላ ነገሩን ቀስ አድርጎ አወጣው። ደጎሎ ከተማ ላይ ሚሊዮን የሚባል የእንስሳት ሐኪም አለ፤ ደሴ ከሉሊት ጋር አብሮ ተምሯል፤ ተፈቃቅደዋል። የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው እንዳያፍሩ አስቀድሞ ይቆጠርልን ብለዋል። ይህን ብሎ የሚሊዮንን የአባቱንና የእናቱን ወገን ሰባት ሰባት ቤት የያዘ ወረቀት አስቀመጠ።

ጋሽ ክንፈ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበቡት። ኮምፒውተር ምን ያደርግላቸዋል፤ መቁጠሩን በጭንቅላታቸው የጀመሩት ሳያስቡት ነው። በአባት ወገን ወጡ፣ በእናት ወገን ወረዱ፣ በቅርንጫፉ ዞሩ። የአሕመድኑር ሻይ ሳይበርድ ጨረሱ። ሁለቱ ልጆች የትም አይገናኙም።

የከፋቸውም ይኸው ነው። አንድ የጋራ አያት ቢያገኙ ኖሮ ፊታቸውን አጥቁረው በልባቸው ደስ ይላቸው ነበር። ሉሊት በየቀኑ በምሳ ሰዓት መጥታ ፊት ለፊታቸው ባለው ወንበር ትቀመጣለች፤ ዳቦ ቆርሰው እየተካፈሉ ስለማይረባው ነገር ሁሉ ይከራከራሉ። ደጎሎ በሁለት መኪና ነው የሚደረሰው። ለሌሎች ሴት ልጆች ሲቆጥሩ "ደጎሎ ቅርብ ነው፣ ጎረቤት በሉት" ያሉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ያለዚያች ልጅ ምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚያልፍ አያውቁም፤ ይህንን ደግሞ ለአሕመድኑር መናገር አፈሩ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ታሟል፣ የሚስማማኝን ሲስተም መርጬ ልጨርስና እቆጥራለሁ አሉ።

"አብሽር ጋሼ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?" አለ አሕመድኑር።

"መምረጥ ነው፤ አይቸኮልበትም።"

አሕመድኑር እየሳቀ ተነሣ። በኛ ወገን ቢሆን የአጎት ልጅም ይበቃ ነበር፣ ሰባት ቤት ድረስ ተኪዶ ምን ይፈለጋል ብሎ ቀልዶባቸው ወደ ሱቁ ገባ።

ምርጫው ተጀመረ። ሉሊት አማራጮቹን ስትዘረዝር ጋሽ ክንፈ መነጽራቸውን ጠርገው መጀመሪያ የጠየቁት "ወላጁ ማን ነው?" ብለው ነው። ልጅቱ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ጥያቄው ግን መልስ ነበረው። ዴቢያን የሚባል ሽማግሌ አለ። ዴቢያን ኡቡንቱን ወለደ፤ ኡቡንቱ ሚንትን ወለደ። ፌዶራ ከሌላ ወገን ነው። አርች የሚባለው ከማንም አልተወለደም። ጋሽ ክንፈ ሐረጉን በወረቀት ላይ ሣሉት፤ ደስም አላቸው። ዴቢያን የሚለው ስም ከመሥራቹና ከእጮኛው ስም ተቀጣጥሎ የወጣ መሆኑን ሲሰሙ "ተቆጥሮላቸው ነበር?" አሉ። ሉሊት አታውቅም።

መጀመሪያ ኡቡንቱ ገባ። ሉሊት ዲስኩን ለሁለት ከፍላ ከዊንዶውሱ ጎን ስትጭነው ጋሽ ክንፈ ሐረጋቸውን አውጥተው አመሳከሩና ሁለቱ ባዕድ ናቸው፣ በአንድ ዲስክ ቢጋቡ ነውር የለውም ብለው ፈቀዱ። ሲጀምሩት ቀልድ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ቀልዱ ሕግ ሆነ፤ እንዲህ ያለው ነገር በትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም ይደርሳል።

ከኡቡንቱ ጋር አንድ ወር ቆዩ። በግራ በኩል ተደርድረው የሚያዩዋቸው ምስሎች የወረዳ ስብሰባ ይመስሏቸው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹን ከፍላሽ እያስነሱ ብቻቸውን መሞከር ተማሩ። ዴቢያንን አከበሩት፤ ነገር ግን ሽማግሌ ነው፣ ሽማግሌ ደግሞ ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል አሉ። ፌዶራ በየስድስት ወሩ አዲስ እንደሚወጣ ሲሰሙ ለውጥ የሚቸኩልበት ነገር አይታመንም ብለው መለሱት። አርችን ግማሽ ቀን ታገሉት፤ ሁሉን ራስህ ሥራው የሚል ሆኖ ስላገኙት ቤት ሰጥተውህ ግድግዳውን ራስህ ምረግ ማለት ነው ብለው ተዉት። ኦፐንሱሴ የሚባለው ገና ሲነሣ እስስት አርማው ላይ ታየች። እስስት ያለችበት ነገር በደጄ አያልፍም አሉና ፍላሹን ነቀሉት።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። ኮምፒውተሩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል። ጋሽ ክንፈ በሰዓት ዝርዝሩ ላይ ዓለምን አገር በአገር ሲያስሱ ሰንብተው ብራዚልን ሲመርጡ ሰዓቱ ልክ መጣላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ የመካነ ሰላምን ሰዓት ለመናገር ሲል ብራዚል ይኖር ጀመር።

ማመልከቻ ሊያስጽፍ የሚመጣ ባላገር ስክሪኑ በየሳምንቱ መልኩን ሲለውጥ እያየ "ዛሬስ በማን ነው የምንጻፈው?" ማለት ለመደ። ወይዘሮ ፈንታዬ ግን አልሳቁም። የባላቸውን ጠባይ ያውቃሉ። እኔን ለማግባት አንድ ቀን የበቃው ሰው ለዚህ ቆርቆሮ ወራት ፈጀበት ብለው ለአሕመድኑር ሚስት ለሀያት ነገሯት፤ ሀያትም ለባሏ ነገረችው።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። በታኅሣሥ መጨረሻ አሕመድኑር ያለ ሻይ መጣ። የደጎሎ ሰዎች ዝምታም መልስ ነው ብለዋል። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች አሕመድኑር ቤት ድረስ መጥተው ቆጠራውን ይሰማሉ፤ ያን ቀን ካልተቆጠረ እንደ እምቢታ ቆጥረውት ሁለተኛ አይመለሱም። ወግ ነው፤ አንዴ ያፈረ ሽማግሌ ያንኑ በር ደግሞ አያንኳኳም። ሉሊት ይህን ከሰማች ወዲህ በምሳ ሰዓት መምጣቷን ተወች። ጋሽ ክንፈ ባዶውን ወንበር እያዩ ዳቧቸውን ብቻቸውን ቆረሱ። እንዳትሄድባቸው ሲከላከሉ የኖሩት ነገር ገና ሳትሄድ ደረሰባቸው፤ ይህን አስተዋሉና እልህ ያዛቸው።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ማክሰኞ በዝርዝራቸው ላይ ያልተሞከረ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ያ የመጀመሪያው፣ የሉሊት ሚንት። ለፍትሕ ሲባል እሱም ይሞከር፣ ሙከራው ደግሞ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ቅዳሜም በዚያው ያልፋል ብለው አሰቡ። የምታግዛቸው ልጅ ስለሌለች ራሳቸው ሊጭኑት ተቀመጡ። ከጥቂት ጥያቄ በኋላ ኮምፒውተሩ ከኡቡንቱ ጎን ልጫነው ወይስ ዲስኩን አጥፍቼ ልጫን ሲል ጠየቃቸው።

ጋሽ ክንፈ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ። ሐረጋቸውን አወጡ። ሚንት የኡቡንቱ ልጅ ነው። አባትና ልጅ በአንድ ዲስክ ሊጋቡ! ሰንጋ ተገዝቶ እንኳ ሰርግ የበተኑ ሰው በገዛ ቤታቸው ይህን ሊፈቅዱ አይችሉም። ሁለተኛው ምርጫ ዘመዱን ብቻ የሚያስወጣ መሰላቸውና አጥፋ የሚለውን ተጫኑት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነህ ብሎ ጠየቃቸው። እርግጠኛ ነበሩ።

ሚንት አምሮ፣ ጸድቶ ተነሣ። ኡቡንቱ የለም። ዊንዶውሱ የለም። "ዘር" የሚለው ፎልደርም የለም፤ ከእንግዲህ ሊታይ የሚችል የተደበቀ ነገርም የለም። ከሣይንት እስከ ጃማ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ የሚናገር አንድ ፊደል አልተረፈም። ጋሽ ክንፈ ወደ አሕመድኑር ሱቅ ሮጠው ከመዝገቡ የቀረ ቅጠል ካለ ጠየቁ፤ የመጨረሻዋ ገጽ ለፋሲካ አብሽ ተጠቅልሎባት ሄዳለች።

ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ግን ከሥሩ ሌላ ስሜት ብቅ አለ። ለማንም የማይነግሩት ነገር ነው። እፎይታ ነበር። የጠፋ መዝገብ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ አይዳርም። ማንም በእሳቸው አይፈርድም። ፊታቸውን የለቅሶ አድርገው ወደ ቤት ሄዱ።

ሉሊት የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። መዝገቡ መጥፋቱን፣ እንግዲህ መቁጠር እንደማይቻል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሯት። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከቦርሳዋ ያችን የመጀመሪያዋን ፍላሽ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

"የመጀመሪያው ቀን ገልብጬዋለሁ አባዬ" አለች። "አትቆጣኝ። ቆጥሬዋለሁም። ሳምንት ፈጀብኝ እንጂ ጨርሼዋለሁ።"

ጋሽ ክንፈ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ጊዜ ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ብለው ጠየቋት።

"እኔ ሳምንት ከፈጀብኝ አንተ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብህ አውቃለሁ። ከአንተ አፍ እንዲወጣ ነው የጠበቅኩት።" ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን አላለቀሰችም። "ለዚያ ኮምፒውተር ስድስት ሞክረህለታል። እኔ የመረጥኩት አንድ ነው።"

ፍላሿን እዚያው ትታላቸው ወጣች። ለአሕመድኑርም፣ ለሚሊዮንም፣ ለእናቷም አልነገረችም። ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ክንፈ ጠፍቷል ቢሉ ጠፍቷል ነው፤ ተዛምደዋል ቢሉም ከሰው ሁሉ የሚከራከራቸው አይኖርም። ጋሽ ክንፈ ይህን ያህል የመምረጥ ነፃነት ደርሶባቸው አያውቅም። አራት ቀን እህል አልቀመሱም ማለት ይቀላል።

ቅዳሜ የደጎሎ ሽማግሌዎች በአሕመድኑር ቤት ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ከሀያት ጋር በጓዳ ነበሩ፤ የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ክንፈ ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ወረቀት መጡ፤ ጃንጥላቸውን እንኳ ረስተዋል። ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። የሉሊትን በእሳቸው ወገን፣ ከዚያ በፈንታዬ ወገን፣ የሚሊዮንን በአባቱና በእናቱ፣ አንድ ስም ሳይዘሉ ሰባት ሰባት ቤት ወጡ። ቅርንጫፉንም ጨመሩ። አንዱ ሽማግሌ ስለ ሦስተኛው ቤት ጠየቃቸው፤ እሱንም በልጅ በልጅ ልጁ ዘረገፉለት። ሲጨርሱ አይገናኙም አሉ።

ምርቃቱ ሊጀመር ሲል አሕመድኑር እንደ ልማዱ ሊያዋዛ ፈለገ። አራት ወር ያስፈጀን እንግዲህ ያ ኮምፒውተር ነው በሉኛ ጋሼ አላቸው። ማምለጫ ነበረች፤ አሕመድኑርም አውቆ ነው ያበጃጀላቸው። ጋሽ ክንፈ አላለፉባትም።

"ኮምፒውተሩ አይደለም" አሉ። "ያን ቀን ሻይህ ሳይበርድ ቆጥሬ ጨርሼዋለሁ። ልጄን መስጠት ነው ያቃተኝ።"

ከደጎሎ የመጡት ታላቁ ሽማግሌ እሳቸውም ሦስት ልጆች መዳራቸውን፣ አንዷንም ሲድሩ እንዳልቀለላቸው ተናገሩ። ከጓዳ ውስጥ የምታለቅስ ሴት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እናቲቱ ትሁን ልጅቱ አልተለየም። ከዚያ በኋላ ተመረቀ፤ አሕመድኑር በዱአ፣ ክርስቲያኖቹ በአሜን።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሉሊት ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ዳቦውን ቆረሰች፤ ፍላሿን ሰክታ የዘሩን ፎልደር ወደ ቦታው መለሰችው። ስክሪኑ ላይ ያ የመጀመሪያው ሚንት ነበር፤ ሰዓቱ አሁንም ሲጭኑት የመረጡለት ብራዚል ነው። ካልተስማማህ ልቀይርልህ አለቻቸው። ጋሽ ክንፈ ተይው አሉ። ፋይሉን ከፍተው ከራሳቸው ስም ሥር ሉሊት የሚለውን ፈለጉና ከጎኑ ሚሊዮን ብለው በሁለት ጣታቸው ተየቡ። ኮምፒውተሩ ለውጡን ላስቀምጠው ወይ ሲል ጠየቃቸው። አስቀምጥ የሚለውን ተጫኑት፤ ሌላ አለ ወይ ብለው አልጠየቁም።